የቤታችንን ኮምፒውተሮች በሥርዓት ላገናኘልን ልጅ

ሐዋሳ ያላችሁ፣ ቤታችሁ ሁለት ሦስት ኮምፒውተር ኖሮ ፋይል በፍላሽ ስታመላልሱ የምትውሉ፣ ይቺን አንብቡልኝ። ምስጋናም ናት፣ ጥቆማም ናት።

እኛ አቶቴ ነን። ቤታችን ሦስት ኮምፒውተር አለ። ባለቤቴ ሰርግ ስለሚቀርጽ ፎቶውም ቪዲዮውም ሳሎን ጥግ ያለው ዴስክቶፕ ላይ ነው። አንድ ላፕቶፕ የኔ፣ አንድ የልጄ። በመሀላቸው የሚመላለሰው ያው ፍላሽ ነበር። ፍላሽን ደግሞ ታውቁታላችሁ። አንድ ቀን ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት ሆኖ ይጠብቃችኋል። ሌላ ቀን 20 ጊጋ ባዶ ቦታ እያለው 6 ጊጋ ቪዲዮ አልቀበልም ይላል። (ለካ በፋት 32 ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ከ4 ጊጋ የሚበልጥ አንድ ፋይል አይዝም። ይህንንም የነገረኝ ይኸው ልጅ ነው።)

ከእሱ በፊት ሌላ ባለሙያ አስመጥተን ነበር። ማንነቱ ይቅር። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው "አለቀ" ብሎ ሄደ። እውነትም ሁሉም ከሁሉም ይከፍታል። ደስ ብሎን ሰነበትን። ከሳምንት በኋላ ሰርቪስ ቤት የተከራየችው ተማሪ ቡና ልትጠጣ ገብታ፣ እያፈረች፣ "እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና የእናንተ ፎቶዎች እኔ ላፕቶፕ ላይ ይታያሉ" አለችኝ።

ክው አልኩ። ዋይፋያችንን ለተከራዮቹም አካፍለናል። ሰውየው ለካ ፋየርዎሉን (ያልተፈቀደ ግንኙነት ወደ ኮምፒውተሩ እንዳይገባ የሚከለክለውን) አጥፍቶ፣ ፓስወርድ መጠየቁንም አንስቶ ነው "አለቀ" ያለው። የደንበኛ ሰርግ፣ የልጄ ልደት፣ ስካን ያደረግኩት የባንክ ወረቀት ሳይቀር ሜዳ ላይ ተሰጥቶ ከርሟል። ልጅቷ ጨዋ ሆና ነገረችን እንጂ የፈለገ ሰው መሰረዝም ይችል ነበር።

ይሄኔ ነው የሥራ ባልደረባዬ ይህን ልጅ የጠቆመችኝ። ፒያሳ አካባቢ ጠባብ ሱቅ አለው። እንደመጣ ኮምፒውተር አልነካም። ቁጭ ብሎ ጠየቀን። "ማን ምን ይይ? ማንስ መሰረዝ ይችላል?" ባለቤቴና እኔ ተያየን። ያኛው እንዲህ ብሎ አልጠየቀንም፤ እኛም አስበነው አናውቅም።

ከዚያ ያኛው የከፈተውን ሁሉ ዘጋ። ፋየርዎሉን መለሰ። ኤስኤምቢ 1 የሚባል አሮጌ የፋይል ማጋሪያ ዘዴ ተከፍቶ ሲያገኝ ራሱን ነቀነቀ። በፈረንጆቹ 2017 ዓለምን ያመሰው ዋናክራይ የሚባል ፋይል ቆላፊ ቫይረስ የተሰራጨው በእሱ ቀዳዳ ነው። ማይክሮሶፍት አዳዲሶቹ ዊንዶውሶች ላይ ዘግቶት ነው የሚያወጣው፤ ያኛው ፈልጎ ከፍቶታል። ተከራዮቹን ደግሞ የራውተሩ የእንግዳ ዋይፋይ ላይ አዞራቸው። ኢንተርኔት እንደ ድሮው ያገኛሉ፣ ወደ ኮምፒውተሮቻችን ግን አይደርሱም።

ዴስክቶፑ ላይ ሁለት ፎልደር አወጣ። የሰርጉ ፎቶ ያለበትን እኔና ልጄ እናያለን፣ መሰረዝ ግን አንችልም። ሌላው ፋይል የምንለዋወጥበት ነው፤ ሁላችንም እንጨምራለን፣ እንቀንሳለን።

እዚህ ላይ ትንሽ ተንገላታን። ዴስክቶፑን የምንከፍትባትን ባለ 4 አሃዝ ፒን ልጄ ከላፕቶፗ ብታስገባ ብታስገባ እምቢ አለ። ፒን እዚያው ማሽኑ ላይ ብቻ ነው የሚሠራው። በኔትወርክ ሲገባ የሚጠየቀው የአካውንቱ ፓስወርድ ነው። ስለዚህ ለዚሁ ብቻ የሚያገለግል ሌላ አካውንት ከነፓስወርዱ ከፈተልን። እናንተም ቤት ይህ ከገጠማችሁ ኮምፒውተሩን አትርገሙት።

መብራት ሄዶ ሲመጣስ? ራውተሩ ኮምፒውተሮቹ የሚገናኙባቸውን የአድራሻ ቁጥሮች እንደ አዲስ ሊያድል ስለሚችል፣ ዴስክቶፑ ሁሌም 192.168.1.50 እንዲሆን ራውተሩ ላይ ያዘለት። ከዚያ ወዲህ መብራቱ ስንቴ እንደሄደ አልቆጠርኩም፤ ፎልደሩ ግን አልጠፋብንም። ዴስክቶፑ ሳንነካው ሲቆይ እንዳይተኛም አስተካከለ። ቢተኛ ከሌላው ክፍል ማን ይከፍትልናል?

እኔ የፈራሁት ፓኬጅ ነበር። አይበላም። ፋይሉ እዚያው ቤት ውስጥ ነው የሚመላለሰው፣ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ይሠራል።

የወደድኩለት ደግሞ አለመዋሸቱ ነው። ባለቤቴ 40 ጊጋ ቪዲዮ በአፍታ እንዲተላለፍለት ፈልጎ ነበር። "ጋሼ፣ የራውተራችሁ ወደብ 100 ሜጋቢት ነው፤ በኬብልም ቢሆን በሰከንድ ከ12 ሜጋባይት ብዙ አያልፍም፣ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጅብዎታል" አለው። አዲስ ራውተር ሊሸጥልን ይችል ነበር። ለትልልቁ ቪዲዮ ኤክስተርናል ዲስካችሁን ተጠቀሙ ብሎ ተወው። ፋይል ማጋራት ቅጂ ማስቀመጥ እንዳልሆነም ደጋግሞ ነገረን። ዴስክቶፑ ከተቃጠለ ሁላችንም እኩል ነው የምናጣው።

አንድ ነገር ግን ልናገር፣ ሰዓት አያከብርም። ጠዋት 4 ሰዓት ብሎኝ 7 ሰዓት ሊሆን ሲል በባጃጅ ደረሰ። ባለቤቴ አኩርፎ ነበር፣ ቶናው ሲደርስ ግን ወዳጅ ሆነዋል። የተቀበለውም መጀመሪያ የተስማማነውን ብቻ ነው። በሳምንቱ ልጄ ስትደውልለት በስልክ አስተካክሎ ምንም አልጠየቀም።

እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ወንድሜ። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄው እልካለሁ። ጠዋት ከቀጠራችሁት ምሳ አዘጋጅታችሁ ጠብቁት።