የወርቅ ግርግር ፎቶዎች በደሴ ፍሬም ቤት፦ ከአራቱ የትኛው ይገዛል?

ፒያሳ አካባቢ ካሉት ፍሬም ቤቶች በአንዱ፣ ከካዕባ ፎቶና ከማርያም ሥዕል ጎን፣ የወርቅ ግርግርን፣ ማለትም ወርቅ ተገኘ ሲባል ሕዝብ የጎረፈበትን ጊዜ፣ የሚያሳዩ አራት የድሮ ፎቶዎች ተሰቅለዋል። የሚገዟቸው ባብዛኛው ወርቅ ቤቶችና ካፌዎች ናቸው። እያንዳንዱ 40 በ60 ሳንቲሜትር ሲሆን ከነፍሬሙ 2,200 ብር ነው። ፍርዳችንን እናስቀድም፦ ሁለቱን ግዙ፣ አንዱን አሳርማችሁ ውሰዱ፣ ባለቀለሙን ተዉት።

ምርጡ የቺልኩት መተላለፊያ ነው። ነጭ ዳገት ላይ ሰው እንደ ጉንዳን ተሰልፎ ይወጣል። ጀርባው ላይ የተለጠፈው ወረቀት «ካሊፎርኒያ፣ 1849» ይላል፤ ስህተት ነው። ቦታው የአላስካና የካናዳ ድንበር፣ ጊዜው ደግሞ በካናዳ የነበረው የክሎንዳይክ የወርቅ ግርግር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1897 እስከ 1898 ነው። የክሎንዳይክ ወርቅ የተገኘው በነሐሴ 1896፣ አድዋ በተደረገበት ዓመት ነው። የካናዳ ፖሊስ የዓመት ስንቅ ያልያዘውን ስለማያሳልፍ፣ አንዱ ሰው አንድ ቶን የሚጠጋ ጓዙን እየተመላለሰ በጀርባው አወጣ፤ ሰልፉ የማያልቀው ለዚህ ነው። የመተላለፊያው ከፍታ ግን 1,100 ሜትር እንኳ አይሞላም። ደሴ ከእጥፍ በላይ ትበልጠዋለች! ሰዉን የፈተነው ብርዱና የዳገቱ ቀጥ ማለት ነው።

የዚህ ፎቶ ችግር አቆራረጡ ነው። የዘመኑ የመስታወት ኔጋቲቭ (ፎቶው የሚታተምበት፣ ጥቁሩና ነጩ የተገላበጠ መስታወት) ብዙ ጊዜ 8 በ10 ኢንች ነበር። ይህን 60 ሳንቲሜትር እስኪሞላ ወደ ጎን ብታሰፉት ቁመቱ 48 ይሆናል፤ ፍሬሙ 40 ብቻ ስለሚይዝ 8 ሳንቲሜትር ይቆረጣል። ፍሬም ቤቱ የቆረጠው ከታች ነው። ያን ቦታ እንደ ስዊድን ተወላጁ ኤሪክ ሄግ ያሉ የጊዜው ፎቶ አንሺዎች የቦታውን ስምና የፎቶውን ቁጥር ይጽፉበት ነበር። ኔጋቲቩ ላይ በጥቁር ቀለም የተጻፈ ሲታተም ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ከጎደለ የፎቶው መታወቂያ ጎደለ ማለት ነው። 40 በ50 እንዲያትሙላችሁ ጠይቁ። ፍሬሙ በልክ ስለሚሠራ አያስቸግርም።

ሁለተኛው ዶውሰን ሲቲ ነው፤ የክሎንዳይክና የዩኮን ወንዞች መገናኛ ላይ በሁለት ዓመት ውስጥ የበቀለች ከተማ። ከድንኳን አጠገብ የሳንቃ ቤት ቆሟል፤ አንዳንዱ ቤት ከፊት ፎቅ መስሎ ከኋላ ዝቅ ያለ ነው። የጥራቱ መፈተኛ የሱቆቹ ማስታወቂያ ነው፤ ጠጋ ብላችሁ ፊደሉን ማንበብ ከቻላችሁ ፋይሉ ጥሩ ነው። ይህኛው ይነበባል። ሰማዩ ባዶ ነጭ መሆኑ ጉድለት እንዳይመስላችሁ። የዚያን ጊዜ ፕሌት፣ ማለትም የኔጋቲቩ መስታወት፣ ለሰማያዊ ብርሃን በጣም ስለሚፈጥን ደመናውንም ሰማዩንም አንድ ላይ ያነጣዋል። «ደመና እንጨምርበት?» ሲሏችሁ እምቢ በሉ።

የሚታረመው ሦስተኛው፣ የሳን ፍራንሲስኮ ወደብ ነው፤ ሠራተኞቻቸው ወርቅ ፍለጋ ጥለዋቸው የሄዱ መርከቦች የሞሉበት። ይህ በእርግጥም ከካሊፎርኒያው የወርቅ ግርግር ዘመን ነው፤ ዓይነቱም ዳጌሮታይፕ፣ ማለትም ብር በተቀባ መዳብ ላይ በቀጥታ የተነሣ፣ ኔጋቲቭ የሌለው ምስል። ሻጩ «ግራና ቀኙ ተገልብጧል» ብሎ ይቅርታ ይጠይቃል፤ አያስፈልግም። ዳጌሮታይፕ እንደ መስታወት ገልብጦ ነው የሚያሳየው። በመስታወት ኔጋቲቭ የተነሣው ዶውሰን ተገልብጦ ቢሆን ኖሮ ግን ስካን ያደረገው ሰው ፕሌቱን በተሳሳተ ፊት አስቀምጦታል ማለት ነበር።

ጥፋቱ ሌላ ነው፤ የመርከቦቹ ምሰሶ ደረጃ ደረጃ ሆኖ ተሸራርፏል። ፋይሉ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ተልኮ የመጣ ነው። በተለመደው አላላክ ረጅሙ ጎን ወደ 1,280 ፒክስል ይወርዳል፤ 60 ሳንቲሜትር ላይ ሲዘረጋ በኢንች 54 ፒክስል ብቻ ይደርሰዋል። ለዚህ መጠን ቢያንስ 200፣ ማለትም በረጅሙ ጎን 4,700 ገደማ ያስፈልጋል። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የዚያን ዘመን ፎቶዎች በቲፍ (TIFF)፣ ማለትም ጥራቱን በሚጠብቅ የፎቶ ፋይል፣ በነፃ ያስወርዳል። ቲፉን በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፤ በቴሌግራም ከላካችሁም በ«ፋይል» በኩል ይሁን።

አራተኛው ወርቅ በእንጨት ቦይ የሚያጥቡ ሰዎችን የሚያሳየው ባለቀለም ነው። ጥቁርና ነጩን ፎቶ ቀለም የቀባው መተግበሪያ ጭቃ ውሃውን እንደ መዋኛ ገንዳ ሰማያዊ አድርጎታል፤ ፊታቸውንም አለስልሶ ሁሉንም ወንድማማች አስመስሏቸዋል። የአያታችሁን ፎቶ ልታሳድሱ ስትሄዱም በዚሁ መተግበሪያ እንዳይነኩት ንገሯቸው።

ኅትመቱ ማት ወረቀት ላይ መሆኑ ጥሩ ነው፤ ግሎሲ የካፌ መብራት ያንጸባርቃል። ፎቶውን በር ላይ አውጥታችሁ በቀን ብርሃን እዩት። ጥቁሩ ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ሐምራዊ ካዘነበለ ግራጫው ከባለቀለም ቀለሞች ተደባልቆ የተሠራ ነው፤ ፒግመንት በሚባለው፣ ቶሎ በማይለቅ ቀለም፣ በማተሚያው የጥቁርና ነጭ ምርጫ ይድገሙት። ተራው ቀለም ፀሐይ በሚገባበት የኮምቦልቻ መስኮት አጠገብ ቶሎ ይለቃል።

አሠራሩ ላይ ሁለት ነገር አልወደድንም። ወረቀቱ መስታወቱን ይነካል፤ በደሴ ክረምት እርጥበት ሲገባ ይጣበቃል፣ ሲላቀቅም ቀለሙ መስታወቱ ላይ ይቀራል። በመሃል የካርቶን ጠርዝ እንዲገባ እዘዙ። ደግሞም አራቱም ጎን ኮምፔንሳቶው ላይ በኮላ ተለጥፏል። ወረቀት እርጥበት ሲያገኝ ይለጠጣል፣ መሄጃ ሲያጣ መሃሉ ይሸበሸባል። ከላይ በሁለት ቦታ ብቻ ይያዝ።

ወደ ኮምቦልቻ የምትወስዱ ያለ መስታወት ውሰዱት። በሐረጎ ጠመዝማዛ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ የታሰረ መስታወት ሲሰበር ስባሪው ፎቶውን ይፍቀዋል። ፍሬሙንና ፎቶውን ካርቶን አልብሳችሁ ጭናችሁ፣ መስታወቱን እዚያው ኮምቦልቻ በልኩ አስቆርጡ።