የዋልታ ድብ ወይስ የበረዶ ተራራ? ስቫልባርድና ግሪንላንድ ለመርከብ ተጓዥ

ፍርዱን ከመጀመሪያው ልናገር። ሕልማችሁ የዋልታ ድብ ማየት ከሆነ ስቫልባርድን ግዙ። ሕንፃ የሚያህል በረዶ ባሕር ላይ ሲንሳፈፍ ማየት ከሆነ ግሪንላንድን። ሁለቱንም በአንድ ጉዞ እኩል አገኛለሁ ብሎ የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ አንዱን ለስሙ ያህል ብቻ አይቶ ይመለሳል።

የጉዞ ድርጅቶች ብሮሹር ይህን አይለይላችሁም። ሁሉም ላይ ያው ድብ፣ ያው በረዶ፣ ያው ቀይ ጃኬት የለበሱ ፈረንጆች ናቸው ያሉት። ዋጋው ደግሞ ቀልድ አይደለም። የዓመት ቁጠባ የሚወስድ ጉዞ ስለሆነ ከመክፈል በፊት ልዩነቱን ማወቅ ይበጃል። (ከዚህ በታች ያሉት ወራት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ስቫልባርድ፦ የእንስሳቱ ሀገር

ስቫልባርድ በኖርዌይ ሥር ያለ የደሴቶች ስብስብ ነው፤ በዋናው ኖርዌይና በሰሜን ዋልታ መሀል ይገኛል። ዋና ከተማው ሎንግየርብየን 78 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት፤ 2,500 ገደማ ሰው ይኖርባታል። ከኦስሎ በአውሮፕላን 3 ሰዓት ያህል ነው። ትልቁ ጥቅሙም ይኸው ነው። ጠዋት ኦስሎ ቁርሱን የበላ ሰው በዚያው ዕለት ማታ መርከብ ላይ ሊሆን ይችላል። ባሕር ለማቋረጥ የሚባክን ቀን የለም ማለት ይቻላል።

ከስቫልባርድ እስከ ራሺያ ደሴቶች ባለው የባሬንትስ ባሕር አካባቢ ወደ 3,000 የሚጠጉ የዋልታ ድቦች እንዳሉ ይገመታል። ዓመቱን ሙሉ ስቫልባርድ ላይ የሚቆዩት ግን 300 ገደማ ናቸው። ቢሆንም አንድ ሳምንት በመርከብ ከዞራችሁ ድብ የማየት ዕድላችሁ ከግሪንላንድ በጣም የተሻለ ነው። ዋልረስም አለ፤ ሁለት ረጃጅም ጥርስ ያለው ግዙፍ የባሕር እንስሳ ነው። ለ300 ዓመት ያህል ታድኖ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ከ1952 ጀምሮ በሕግ ተጠብቆ ዛሬ እየበዛ ነው። በጁላይና በኦገስት ዳርቻው ላይ ተጋድሞ ሲያንኮራፋ ታገኙታላችሁ። አልከፊየለት የሚባለው ገደል ላይ ደግሞ 60,000 ጥንድ ገደማ ወፎች ይፈለፍላሉ። ድምፁም ሽታውም ከሩቅ ይቀበላችኋል።

አሁን ሻጮች ጮክ ብለው የማይናገሩት ነገር። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ኖርዌይ ደንቡን አጥብቃለች። ከማርች 1 እስከ ጁን 30 ከዋልታ ድብ ቢያንስ 500 ሜትር፣ በቀረው ጊዜ 300 ሜትር መራቅ ግዴታ ነው። ድቡ ፊቱ ሳይቀር ጎልቶ የሚታይባቸው የብሮሹር ፎቶዎች ብዙዎቹ ከዚህ ደንብ በፊት የተነሱ ናቸው፤ አለዚያም ትልቅ ሌንስ ባለው ካሜራ። በስልክ ካሜራ በ500 ሜትር ርቀት የሚወጣው ድብ አንዲት ቢጫ ነጥብ ናት። ስለዚህ ከጃኬቱ በፊት ጥሩ መነጽር ግዙ፤ አቅርቦ የሚያሳየውን ማለቴ ነው።

ሁለተኛው ደንብ ደግሞ ገንዘባችሁን በቀጥታ ይነካል። በተጠበቁት አካባቢዎች ውስጥ ከ200 በላይ መንገደኛ የያዘ መርከብ አይገባም። የተጠበቀው አካባቢ ደግሞ አብዛኛውን የስቫልባርድ ባሕር ይሸፍናል። በእነዚህ አካባቢዎች ወደ መሬት መውረድ የሚፈቀደውም በተመረጡ 43 ቦታዎች ብቻ ነው። እንግዲህ ብዙ መቶ ሰው የሚጭን መርከብ ላይ ርካሽ ቲኬት ካያችሁ «የት የት ትገባላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ሎንግየርብየንና አካባቢዋ ከሆነ የገዛችሁት የአርክቲክ ጉዞ ሳይሆን ተንሳፋፊ ሆቴል ነው።

ወሩስ? በሜይና በጁን መጀመሪያ ተራራው ገና በረዶ ለብሷል፣ ለዓይን ያምራል፣ ዋጋውም ረከስ ይላል። ነገር ግን ባሕሩ ላይ ያለው በረዶ ወደ ሰሜንና ምሥራቅ መግቢያውን ሊዘጋ ይችላል፤ የድቡ ርቀትም ያው 500 ሜትር ነው። ስፒትስበርገን የምትባለውን ዋናዋን ደሴት ሙሉ ለሙሉ ለመዞር ጁላይና ኦገስት ይሻላሉ። እኔ ብሆን ከጁላይ አጋማሽ በኋላ ያለውን ነው የምመርጠው።

የስቫልባርድ በረዶ አያምርም ማለቴ አይደለም። የሞናኮ የበረዶ ግግር ፊት ቆሞ ቁራሹ እየተገመሰ ባሕር ውስጥ ሲወድቅ ማየት ትልቅ ነገር ነው። የኦስትፎና ግግር ደግሞ ከባሕሩ በላይ እንደ ግንብ ቆሞ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል። ግን ከግግሩ ተለይተው የሚንሳፈፉት የበረዶ ተራሮች እዚህ ትንንሾች ናቸው። ግሪንላንድን ያየ ሰው አይገረምባቸውም።

ሳልረሳ፣ ሎንግየርብየን አጠገብ በ2008 የተከፈተው የዓለም የዘር ማከማቻ አለ። አዲስ አበባ ግቢ ያለው ዓለም አቀፉ የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋም፣ ኢልሪ፣ የመኖ ዘሮቹን እዚያ አስቀምጧል። ውስጡ ለጎብኚ አይከፈትም። በሩ ላይ ፎቶ መነሳት ግን ይቻላል።

ምሥራቅ ግሪንላንድ፦ ፊዮርድና ዝምታ

ፊዮርድ ማለት ተራሮችን ሰንጥቆ ወደ ውስጥ የሚገባ የባሕር ክንድ ነው። ከዓለም ትልቁ የፊዮርድ መረብ ስኮርስቢ ሳውንድ ሲሆን እዚህ ምሥራቅ ግሪንላንድ ይገኛል። ወደ ውስጥ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ይገባል። ከዋናው የግሪንላንድ በረዶ የተገመሱ ተራሮች በውስጡ ተንሳፈው ይዞራሉ፤ አንዳንዶቹ ከውኃው በላይ ብቻ በአሥሮች ሜትር ይቆማሉ። ቀይ ደሴት የሚሏት ቦታ አለች፤ ከኋላ ቀይ አለት፣ ከፊት ሰማያዊና ነጭ በረዶ። ፎቶ አንሺዎች ለዚህች ቦታ ሲሉ ብቻ ጉዞውን ይገዛሉ ብል አላጋነንኩም።

ከፊዮርዱ በስተሰሜን በ1974 የተከለለ ብሔራዊ ፓርክ አለ። ስፋቱ 972,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ከመላው ኢትዮጵያ ብዙም አያንስም። ነዋሪ ሕዝብ የለውም። በአካባቢው ያለችው ብቸኛ መንደር ኢቶቆርቶርሚት ናት፤ 350 ገደማ ሰው ይኖርባታል፣ አሁንም በአደን ነው የሚተዳደሩት። ድቡም ስለሚታደን ሰው ሲያይ ይሸሻል። እዚህ በብዛት የምታዩት መስክ ኦክስ የሚባለውን ጸጉሩ መሬት የሚጠርግ የሰሜን በሬ ነው።

ጉድለቱ መንገዱ ነው። አብዛኞቹ ጉዞዎች የሚነሱት ከአይስላንድ ስለሆነ የዴንማርክን ሰርጥ ማቋረጥ ግድ ይላል። ይህ ባሕር ሲቆጣ ጨዋታ የለውም። የሚያቅለሸልሻችሁ ከሆነ መድኃኒቱን ከመሳፈራችሁ በፊት ዋጡ፤ ከጀመራችሁ በኋላ ብዙም አይጠቅምም። ከዚያ ሁሉ ይልቅ የሚሻለው ፊዮርዱ አጠገብ ወዳለው ማረፊያ፣ ኮንስታብል ፖይንት፣ በአውሮፕላን ወስዶ እዚያው መርከብ ላይ የሚያሳፍር ፓኬጅ መፈለግ ነው። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ግን ሁለት የባሕር ቀን ያተርፋል።

ጊዜውም አጭር ነው። የባሕሩ በረዶ መንገድ የሚለቀው ከጁላይ መጨረሻ በኋላ ነው፤ በኦክቶበር ደግሞ ሁሉ ነገር ይዘጋል። ከነዚህ ሳምንታት ምርጡ ሴፕቴምበር ነው። ሣሩና ቁጥቋጦው ቀይና ቢጫ ይሆናል፣ ሌሊቱም ተመልሶ ይመጣል። ሌሊት ከመጣ የሰሜን ብርሃን የሚሉትን፣ ሰማዩን አረንጓዴ የሚያደርገውን፣ የማየት ዕድል አለ። ስቫልባርድ በጁላይ የሄደ ሰው ይህን ፈጽሞ አያገኘውም፤ እዚያ ፀሐይ ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ኦገስት መጨረሻ አካባቢ አትጠልቅም። እንቁጣጣሽን በአረንጓዴ ሰማይ ሥር ማሳለፍ የሚፈልግ ካለ ቦታው ይህ ነው።

ምዕራብ ግሪንላንድ፦ ያለ መርከብም የሚሆን

ስለ ምዕራቡ ባጭሩ። የኢሉሊሳት የበረዶ ፊዮርድ ከ2004 ጀምሮ በዩኔስኮ ተመዝግቧል። እዚያ ያለው ግግር በቀን 40 ሜትር ገደማ ይንቀሳቀሳል፤ ከግሪንላንድ ከሚገመሰው በረዶ አንድ አሥረኛ ያህሉ ከዚህ እንደሚወጣ ይነገራል። ትላልቆቹ የበረዶ ተራሮች ፊዮርዱ አፍ ላይ ጥልቀቱ ሲያንስባቸው መሬት ይነኩና ተደርድረው ይቆማሉ። ታይታኒክን የመታውም ከዚህ እንደወጣ ብዙዎች ያምናሉ። ዓሣ ነባሪም እዚህ ጥሩ ነው፤ በተለይ ሃምፕባክ። ድብ ግን አትጠብቁ።

ይህን ለማየት የመርከብ ጉዞ መግዛት ግድ አይደለም። ኢሉሊሳት ሆቴል ያላት ከተማ ናት። በአውሮፕላን ሄዳችሁ፣ ጥቂት ቀን አድራችሁ፣ በትንሽ ጀልባ ወጥታችሁ በረዶውን ማየት ትችላላችሁ። በግሪንላንድ ዋና ከተማ በኑክ አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ በኖቬምበር 2024 ተከፍቷል፤ ከዚያ ወደ ኢሉሊሳት በሀገር ውስጥ በረራ ይኬዳል። አሜሪካ ላላችሁ ደግሞ ዩናይትድ አየር መንገድ በ2025 ከኒውዋርክ ወደ ኑክ ወቅታዊ ቀጥታ በረራ ጀምሮ ነበር፤ አሁንም መኖሩንና ቀኑን አረጋግጡ። እንስሳ ብዙ ግድ ካልሰጣችሁና በረዶው ብቻ ከጠማችሁ፣ ከሁሉም በርካሹ የሚያረካችሁ ይኼኛው ነው።

መርከቡን እንዴት ትመርጣላችሁ?

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሁሉም የካቢኑን ስፋት፣ የበረንዳውን መኖርና አለመኖር ያያል። እኔ የምለው መጀመሪያ የመንገደኛውን ቁጥር እዩ። ከመርከቡ ወደ መሬት የምትወርዱት ዞዲያክ በሚባል የጎማ ጀልባ፣ አሥር አሥር ገደማ ሆናችሁ ነው። እንደ ፕላንሲየስ ያለ 108 ሰው የሚጭን መርከብ ሁሉንም ባንዴ ሊያወርድ ይችላል። ወደ 200 ሲጠጋ ግማሹ ሲወርድ ግማሹ ይጠብቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ ወረፋው የኮንዶሚኒየም ዕጣ ነው። 12 ሰው ብቻ የሚይዙ የሸራ ጀልባዎችም አሉ፤ ደስ ይላሉ፣ ግን ይንገላታሉ፣ ምቾት የሚወድ አይሞክራቸው።

ሁለተኛ ጥያቄ፦ አንድ አስጎብኚ ለስንት ሰው ነው? አስጎብኚዎቹ ጠመንጃ ይዘው ቀድመው ወርደው አካባቢውን ያያሉ፤ ድብ ከታየ መውረዱ ይሰረዛል። ይህን አስቀድማችሁ ዕወቁት። ፕሮግራሙ ላይ የተጻፈው ቦታ ሁሉ በነፋስ፣ በጭጋግ ወይም በድብ ምክንያት ሊቀየር ይችላል፤ በዚህ ምክንያት ገንዘብ የሚመልስም የለም።

የሕክምና ማጓጓዣ የሚሸፍን ኢንሹራንስ የግድ ነው። በሴፕቴምበር 2023 ኦሽን ኤክስፕሎረር የተባለች መርከብ 206 ሰው እንደያዘች ምሥራቅ ግሪንላንድ አልፐፊዮርድ ውስጥ መሬት ነክታ ተቀርቅራ፣ ከሦስት ቀን በኋላ ነው በሌላ መርከብ ተጎትታ የወጣችው። የተጎዳ አልነበረም። ግን እርዳታ እዚያ ምን ያህል ሩቅ እንደሆነ ያሳያል።

ብርና ምግብ

በግርድፉ፣ ከ8 እስከ 10 ቀን የሚወስድ የስቫልባርድ ጉዞ ለአንድ ሰው ከ5,000 እስከ 10,000 ዶላር ባለው ውስጥ ይገኛል። ሦስትና አራት ሆነው ለሚያድሩ ዝቅ ይላል። ምሥራቅ ግሪንላንድ ቀኑ ሲበዛ ዋጋውም ከፍ ይላል። አውሮፕላኑ፣ ኢንሹራንሱና ለመርከቡ ሠራተኞች የሚሰጠው ጉርሻ ብዙ ጊዜ ለብቻ ነው። ብቻውን ካቢን የሚይዝ ሰው ጭማሪ ይከፍላል፤ «ከሌላ ሰው ጋር ደባል አድርጉኝ» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ቦት ጫማ ብዙዎቹ ያውሳሉ፣ ጃኬት የሚሰጡም አሉ። ሳትጠይቁ አትግዙ።

ይህ ሁሉ ከአቅም በላይ ከሆነ የኖርዌይን ዳርቻ ከበርገን እስከ ኪርከነስ እያነሳ የሚያወርደው የሁርቲግሩተን መርከብ አለ፤ ከ1893 ጀምሮ በ34 ወደቦች ይመላለሳል። ፊዮርዱ ያምራል። ድብና የበረዶ ተራራ ግን የለም።

ጿሚዎች ልብ በሉ፦ ጾመ ፍልሰታ ከኦገስት 7 እስከ 21 ነው፤ ልክ በጉዞው ወቅት። መርከቡ አስቤዛውን የሚጭነው ከመነሳቱ በፊት ስለሆነ፣ ቡክ ስታደርጉ «ቪጋን» ብላችሁ አስመዝግቡ። ሐላል የምትፈልጉም እንዲሁ። መሀል ባሕር ላይ ሱቅ የለም።

ቪዛ

የአሜሪካ ወይም የእስራኤል ፓስፖርት ያለው ሰው ይህን ሊያልፈው ይችላል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ግን፣ ግሪን ካርድ ቢኖረውም፣ በደንብ ያንብብ። ስቫልባርድ ራሱ ቪዛ አይጠይቅም። መንገዱ ግን በኖርዌይ ነው፣ ስቫልባርድ ደግሞ ከሼንገን፣ በአንድ ቪዛ ከሚገባባቸው የአውሮፓ ሀገሮች ስብስብ፣ ውጪ ነው። ሄዳችሁ ስትመለሱ ሼንገን ሁለቴ ገባችሁ ማለት ነው። ስለዚህ ሁለቴ ወይም ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ ጠይቁ፤ የአንድ ጊዜ ቪዛ ይዞ የሄደ መመለሻው ላይ ይቸገራል። ግሪንላንድም ከሼንገን ውጪ ናት፤ ለእሷ ዴንማርክ «ለግሪንላንድ ያገለግላል» ብላ የምትሰጠው ቪዛ ያስፈልጋል። ከአይስላንድ ተነስቶ ወደ አይስላንድ ለሚመለስ ጉዞ ሁለቴ የሚያስገባው የሼንገን ቪዛም የግሪንላንዱም ያስፈልጋሉ።

የሼንገን ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር በፊት ይከፈታል። መርከቦቹ ደግሞ ቅድሚያ ክፍያ ወስደው ቀሪውን የሚጠይቁት ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ሲቀር ነው። በሩ እንደተከፈተ ካመለከታችሁ የቪዛው መልስ ከቀሪው ክፍያ ቀን በፊት ይደርሳል። ቢከለከልም የምታጡት ቅድሚያ ክፍያውን ብቻ ይሆናል።