መዝገብ ቤት አጠገብ ያለችው የሕፃናት ማቆያ

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልናዘዝ። ይህቺን ማቆያ እንድከታተል የተመደብኩት እኔው ነኝ።

የምሠራው አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው፣ የሴቶች ጉዳይ ዳይሬክቶሬት። ስሙን ተዉት። ሦስት ዓመት ሙሉ ሩብ ዓመት በመጣ ቁጥር ስለ ማቆያዋ «አገልግሎት በመስጠት ላይ ይገኛል» ብዬ ሪፖርት ጽፌ አልፋለሁ። ከዚያ ወለድኩ።

በጊዜው የምንሠራበት የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የሚሰጠው የወሊድ ፈቃድ 120 ቀን ነበር፤ 30ው ከመውለድ በፊት፣ 90ው ከወለዱ በኋላ። ይህን ቁጥር ለስንቱ ሠራተኛ በስላይድ አሳይቻለሁ መሰላችሁ! ልጄን ታቅፌ ስመለስ ግን አንገቷ እንኳ በቅጡ አልጠናም። ያው አዋጅ መሥሪያ ቤቶች ማቆያ እንዲያቋቁሙ ያዝዝ ስለነበር ክፍሏ አለች።

ክፍሏ ድሮ የተሰበረ ወንበርና የሞተ ፕሪንተር መከማቻ ነበረች። አሁን ስድስት አልጋ፣ ሁለት ሞግዚትና አንድ ፍሪጅ አላት። ፍሪጁ ውስጥ ከታለበ ጡት ወተት ጎን የአንድ ኃላፊ ምሳ ዕቃ ተቀምጦ አግኝቻለሁ (ማን እንደሆነ አልናገርም፣ ራሱ ያውቃል)። ንጽሕናዋ ጥሩ ነው። ሞግዚቶቹ ደግሞ ወርቅ ናቸው፤ ልጄ ጥርስ ማብቀሏን ከእኔ ቀድመው ያዩት እነሱ ናቸው። ግን የሞግዚት መደብ በመዋቅሩ የለም ተብሎ በጽዳት ሠራተኛ ደሞዝ ነው የተቀጠሩት፣ ይህንንም የተረዳሁት ልጄን በእጃቸው ላይ ካስቀመጥኩ በኋላ ነው። አፈርኩ።

ትልቁ ችግር ሰዓቱ ነበር። ሥራ የሚያልቀው 11:30፣ ማቆያዋ የምትዘጋው 11:00። አንድ ሐሙስ የማኔጅመንት ስብሰባ ረዘመና ልጄን ይዤ ገባሁ። የእኛ ክፍል ጉዳይ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ «ልዩ ልዩ» በሚለው ሥር ነው የሚነሳው፣ ያውም ሰው ቦርሳውን ይዞ ሲነሳ። ልጅት አለቀሰች፣ አላቆም አለች፣ ሰብሳቢው «እስቲ የእናንተን እናስቀድም» አሉ። በሳምንቱ ማቆያዋ እስከ 11:45 እንድትቆይ ተወሰነ። ሦስት ዓመት በደብዳቤ ስለምነው የኖርኩት ነገር ነው!

ሁለተኛው ጉድለት የእኔው ነው። መመዝገቢያ ቅጹ ላይ «የእናት ስም» ብቻ ነው ያለው፣ ያዘጋጀሁትም እኔ። ሚስቱ ነርስ የሆነች፣ በፈረቃ የምትሠራ አንድ ባልደረባችን ልጁን ሊያስገባ መጥቶ በዚህ ምክንያት ተመለሰ። ሰርዤ «ወላጅ» ብዬ ጻፍኩ፣ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። በሩ ላይ ያሉት ሦስት ደረጃዎች ግን እስካሁን አሉ። በዊልቸር የምትንቀሳቀስ ባልደረባችን ልጇን ለሞግዚት የምታቀብለው ደረጃው ሥር ሆና ነው። አካል ጉዳተኛ ሠራተኛ የሚመች የሥራ ሁኔታ እንዲመቻችለት የሚያዝዘው አዋጅ 568 የወጣው በ2000 ነው። መወጣጫው ግን «በጀት ሲገኝ» ተብሎ ቀርቷል። ለማርች 8 ቲሸርት በጀት ጠፍቶ አያውቅም እኮ።

የሥርዓተ ፆታ ባለሙያ ወይም የአካቶ (ማንም ሳይገለል ሁሉን የማካተት ሥራ) ዳይሬክተር ተብሎ ማስታወቂያ አይታችሁ ልታመለክቱ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ደሞዙን ሳይሆን መጀመሪያ ማቆያዋን፣ ሽንት ቤቱንና ደረጃውን ሄዳችሁ እዩ። ከዚያ ዳይሬክተሯ ግዥ ላይ መፈረም ትችል እንደሆነ ጠይቁ። መፈረም ካልቻለች ዓመቱን ሙሉ ሥልጠና ስታዘጋጁ ትኖራላችሁ። ሥራውን ግን እወደዋለሁ፣ ልቀቂ ቢሉኝም አልሄድም።

ለማቆያዋ ከአምስት ሦስት፣ ለሞግዚቶቹ አምስት። ልጅ የምታስገቡ ሰዎች ቅያሪ ልብስ ሁለት ሁለት ያዙ፤ ረቡዕ ረቡዕ ውኃ ይጠፋል።