ቫልኪሪዬ ከወራት በኋላ፦ ችግሩ ወገቡ ላይ ነው

ሌላውን ሁሉ ከማውራቴ በፊት ችግሩን ልንገራችሁ። ከአውሮፕላን ወደ ሮቦት የሚለወጠው የፕላስቲክ ሞዴሌ፣ የቫልኪሪዬ፣ ቀኝ ወገብ ተሰንጥቋል። ስንጥቁን ለማየት ሮቦቱን መስኮት አጠገብ ወስዶ ማገላበጥ ይጠይቃል። መጀመሪያ ፕላስቲኩ ላይ ነጭ መስመር ታየ። ከዚያ መስመሩ ረዘመ። ከዚያ ሮቦቱ ቀስ እያለ ወደ ቀኝ ማዘንበል ጀመረ። ጠዋት ቀጥ አድርጌ አቁሜው እወጣለሁ፤ ማታ ስገባ መጽሐፎቹን ተደግፎ አገኘዋለሁ።

ቀለሙ ቆንጆ ነው። ተለጣፊዎቹ አልተላጡም። ክፍሎቹ ያለ ሙጫ ነው የሚገጠሙት፣ ከአንድ የትከሻ መገጣጠሚያ በቀር እስካሁንም ጥብቅ እንዳሉ ናቸው። በዚህ ሁሉ ቅሬታ የለኝም። ግን የሚለወጥ ሮቦት ወገቡ ከሄደ ምኑ ቀረ?

ስለ ቫልኪሪ ለማታውቁ ባጭሩ ላስረዳ። ማክሮስ የሚባለው የጃፓን አኒሜ (የካርቱን ፊልም) እ.ኤ.አ. በ1982 በቴሌቪዥን መታየት ጀመረ፤ 36 ክፍል አለው። ዋናው የጦር አውሮፕላን ቪኤፍ-1 ቫልኪሪ ይባላል። የነደፈው ሾጂ ካዋሞሪ ነው። ያኔ ገና የ22 ዓመት ወጣት ነበር። መልኩ ከአሜሪካው ኤፍ-14 ጀት የተወሰደ ነው፤ ክንፎቹም እንደዚያኛው ወደ ኋላ ይሰበሰባሉ። ልዩነቱ ይሄኛው ተነስቶ በእግሩ መቆሙ ነው።

አለዋወጡን ላሳያችሁ። ሁለቱ ሞተሮች ወደ ታች ይወርዱና እግር ይሆናሉ። እሳት የሚወጣባቸው ጫፎች ለሁለት ተከፍለው መሬት የሚረግጡት እነሱ ናቸው። እጆቹ ከመጀመሪያውም ሆዱ ሥር፣ በሁለቱ ሞተሮች መሀል ተጣጥፈው ተኝተዋል። ጭንቅላቱም እዚያው ነበር፤ በአውሮፕላንነቱ ጊዜ የሌዘር መሣሪያ ሆኖ ያገለግላል። ረጅሙ አፍንጫ ወደ ታች ይታጠፋል። አብራሪው የተቀመጠበትን መስታወት መከላከያ ሰሌዳ መጥቶ ይሸፍነዋል። ክንፎቹ ወደ ኋላ ይሰበሰባሉ፣ ጅራቱም ጀርባው ላይ ይታዘላል። ይሄን የመሰለ ሐሳብ ከ40 ዓመት በፊት ያለ ኮምፒውተር እርዳታ መወለዱ እስከዛሬ ይገርመኛል።

ወገቡ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። እግሮቹ በአውሮፕላንነቱ ጊዜ ከክንፎቹ ሥር ናቸው። ሰው ለመሆን ግን ወደ ፊት መጥተው በአፍንጫው ግራና ቀኝ መያያዝ አለባቸው። ያን መንገድ ይዟቸው የሚሄደው አንድ ቀጭን ማጠፊያ ነው፣ በእያንዳንዱ ጎን አንዳንድ። ሮቦቱ ሲቆም ክብደቱ በሙሉ እነዚህ ሁለቱ ላይ ያርፋል። በታሪኩ ውስጥ ቫልኪሪ ሲቆም 12.68 ሜትር ነው። የኔው በ1/100 መጠን የተሠራ ስለሆነ 13 ሴንቲሜትር እንኳ አይሞላም። እንግዲህ ማጠፊያው ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ገምቱ።

የገዛሁት አዲስ አበባ ሆኖ በቴሌግራም ከሚሸጥ ነጋዴ ነው። ዋጋው የወር ቤት ኪራዬን ያህላል። መንገዱ አስቸጋሪ ስለነበር ዕቃው አዲስ አበባ ሰነበተ፤ በኋላ በአውሮፕላን ወደ ባሕር ዳር የሚመጣ ዘመድ ተገኝቶ ይዞልኝ መጣ። አልቆጨኝም ነበር። ሳጥኑን ስከፍት ደስ ያለኝን ደስታ አሁንም አልክድም።

የገጠምኩት ባሕር ዳር ሽምብጥ ሰፈር፣ ቤቴ ውስጥ ነው። ጊዜው ክረምት ነበር። ማታ መብራት ሲበራ ከሐይቁ በኩል የሚመጣው ትንኝ ጠረጴዛውን ስለሚሞላው መስኮቱን እዘጋለሁ። መብራት ሲጠፋ በስልኬ ባትሪ እቀጥላለሁ። ክፍሎቹን ከፍሬማቸው በጥፍር መቁረጫ ቆረጥኩ፣ ጫፋቸውን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ፣ ትንንሾቹን በወረንጦ ያዝኩ። አንዱ ክፍል ከሌላው ጋር ጠቅ ብሎ ሲገጥም የቀኑ ድካም ይለቃችኋል። ማኑዋሉ ጃፓንኛ ቢሆንም በሥዕል ስለሆነ አያስቸግርም።

የወገቡን ክፍል ግን እኔ አልገጠምኩትም። ከፋብሪካው ተገጥሞ፣ በብረት ፒን ተያይዞ፣ በትንሽ ፌስታል ታሽጎ ነው የመጣው። ይሄን ያዙልኝ።

ስንጥቁን እንዳየሁ ፎቶ አንስቼ ለነጋዴው ላክሁለት። ወዲያው ደወለልኝ። «ወንድሜ፣ ስትገጥመው ኃይል ተጠቅመህ ይሆናላ» አለኝ። ያ ክፍል ተገጥሞ እንደመጣ ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለና «እንግዲያው ብዙ ነካክተኸዋል ማለት ነው። እሱ እኮ ለሼልፍ ነው፤ አንዴ ለውጠህ ታስቀምጠዋለህ በቃ» አለኝ።

ስልኩ ከተዘጋ ወራት አልፈዋል፤ እኔ ግን ከዚህ ሰው ጋር አሁንም እየተከራከርኩ ነው። ማስታወቂያህ ላይ የጻፍከው ምን ነበር? «በሦስት ቅርጽ የሚለወጥ» ብለህ አይደል የሸጥክልኝ? ለሼልፍ ብቻ ቢሆንማ የማይለወጠውን፣ ጠንካራውን፣ በግማሽ ዋጋ የሚገኘውን እገዛ ነበር። ተጨማሪውን ብር የከፈልኩት ለዚያ ማጠፊያ ነው። የከፈልኩበትን ነገር እንዳልነካው እንዴት ትመክረኛለህ?

ደግሞም ቫልኪሪ ሲወለድ የሼልፍ ዕቃ አልነበረም። ታካቶኩ የሚባል የጃፓን አሻንጉሊት አምራች በዚያው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ 1/55 መጠን ያለውን ቫልኪሪ ለልጆች ሠርቷል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1984 ከሰረ። ያው አሻንጉሊት ግን በ1985 ጄትፋየር ተብሎ፣ ትራንስፎርመርስ ከሚባሉት ተለዋዋጭ አሻንጉሊቶች ጋር ለአሜሪካ ልጆች ተሸጠ። ልጅ እጅ ላይ ገብቶ፣ ቀኑን ሙሉ አውሮፕላን ሰው፣ ሰው አውሮፕላን እየሆነ እንዲውል ታስቦ ነው የተሠራው። ካዋሞሪ ራሱ አዲስ ሐሳብ ሲመጣለት በሌጎ እየገጣጠመ ይሞክረዋል፤ በእጁ አጥፎ ዘርግቶ ነው የሚያየው። ታዲያ የዚህን ሰው ሥራ ገዝቶ አለመንካት ምን ማለት ነው?

«ያኛው ትልቅ ነው፣ ያንተ ትንሽ ነው» ትለኝ ይሆናል። እሺ፣ ትንሽ ነው። ለዚህም መልስ አለኝ።

ፖሊ በሚባለው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ የሚማር ጓደኛ አለኝ። አንድ ቅዳሜ ካሊፐር የሚባለውን የውፍረት መለኪያ ይዞ ቤት መጣ። የተሰነጠቀውን ማጠፊያ ፈታን። ፒኑን ለካ፣ ቀዳዳውን ለካ፣ ደግሞ ለካ። ፒኑ ከቀዳዳው ይወፍራል። ጥቂት መወፈሩ ያለ ነው፤ እንዳይላላ ተብሎ ሆን ተብሎ ይሠራል። እዚህ ላይ ግን በፒኑ ዙሪያ የቀረው ፕላስቲክ በጣም ስስ ነው። ብረቱ ፕላስቲኩን ሌት ተቀን ከውስጥ ወደ ውጭ እየገፋው ነው የኖረው። ኤቢኤስ የሚባለው ይህ የፕላስቲክ ዓይነት ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን እንዲህ ተወጥሮ ሲቆይ መጀመሪያ ይነጣል፣ ቀጥሎ ይሰነጠቃል። ጓደኛዬ ግራውን ወገብ አሳየኝ። እዚያም ነጭ መስመር ጀምሯል።

ስለዚህ ጉዳዩ የመነካካት አይደለም። ሼልፍ ላይ ብተወውም ከጊዜ በኋላ ይሰነጠቅ ነበር። የነጋዴው ክርክር እዚህ ላይ አለቀ።

ማጠፊያውን ገበያ አካባቢ ለሚሠሩ አንድ አዛውንት ሰዓት ሠሪ ወሰድኩት። በዓይናቸው ላይ መነጽራቸውን ሰክተው ረጅም ጊዜ አዩት። «ልጄ፣ ይሄን የሠራው ሰው እጁ ጎበዝ ነው፤ እዚህች ጋ ግን ቸኩሏል» አሉኝ። ፒኑን በጥንቃቄ መትተው አወጡት። በብርጭቆ ወረቀት እያሹ አሳነሱት። ስንጥቁ ውስጥ በመርፌ ጫፍ ሱፐር ግሉ አስገቡና ፒኑን መለሱት። «ጋሽዬ፣ ስንት ልክፈል?» ስላቸው የጠሩልኝ ዋጋ የሻይ ገንዘብ ነበር። ግራውንም እንዲሁ ሠሩልኝ። ትከሻው ላይ ላልቶ የነበረውን መገጣጠሚያ ደግሞ ቤት ውስጥ እኔው አጠበቅሁት። ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ስስ አድርጎ መቀባት፣ በደንብ እስኪደርቅ መጠበቅ፣ መልሶ መግጠም ነው። ይሄ ዘዴ በእርግጥ ይሠራል።

አሁን ሮቦቱ ይቆማል። ወደ ቀኝ ማዘንበሉም ቀንሷል። ነገር ግን እንደ ድሮው አላምነውም። ስለውጠው እጄ ይፈራል። በተለይ እግሩ ወደ ፊት ሊመጣ ሲል፣ ማጠፊያው የሚዞርባት ቦታ ላይ ስደርስ፣ ትንፋሼን ይዤ ነው የማዞረው። እንዲህ ተፈርቶ የሚለወጥ ነገር ደስታው ግማሽ ነው።

የእህቴ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። በሩን እንደገባ «አጎቴ፣ አውሮፕላን አድርገው!» ይላል። ድሮ ራሱ ያደርገው ነበር። ቅደም ተከተሉን ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል፤ መጀመሪያ ክንፍ፣ ቀጥሎ ጅራት፣ ከዚያ እግር። አሁን «እኔ ላድርግልህ፣ አንተ እይ» እለዋለሁ። ልጁ ምንም አይልም፣ ግን ፊቱን አያለሁ። ነጋዴው ይሄን ፊት ቢያየው «ለሼልፍ ነው» ለማለት አፉ ባልተከፈተ።

አንድ ነገር ግን ለሮቦቱ ልመስክርለት። ቫልኪሪ በአውሮፕላኑና በሰው ቅርጹ መካከል ሦስተኛ መልክ አለው፤ ጋዎክ ይባላል። ክንፎቹ እንደተዘረጉ፣ አፍንጫው እንደሾለ፣ እጆቹና እግሮቹ ብቻ ይወጣሉ። ጉልበቱ የሚታጠፈው ወደ ኋላ ነው። ስገዛው ይሄን መልክ ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም ነበር። ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ የማቆመው በዚህ ነው። ጣና ዳር ጭቃው ላይ የሚቆሙትን ረጃጅም እግር ያላቸውን ወፎች ይመስላል፤ ልክ እንደነሱ ሊነሳ ሲል የተያዘ ነው የሚመስለው። እግሮቹ ሰፋ ብለው ስለሚቆሙም ስንጥቁ ያን ያህል አያስቸግረውም። የሐይቁ ዳር ካፌ ወስጄው ጠረጴዛ ላይ ሳቆመው ቡና የምታቀርበው ልጅ ሲኒውን ይዛ ቆማ ቀረች። «ይበራል እንዴ?» አለችኝ።

«እንግዲያው በጋዎክ ተወው» እንዳትሉኝ። አንዱ መልክ ሌላውን ስለሚያስከትል ነው ደስ የሚለው። አውሮፕላን መሆን የማይችል ጋዎክ ግማሽ ነገር ነው።

ታዲያ ትገዙ ወይ? ይሄንኑ፣ እኔ የገዛሁትን? አትግዙ። የወር ኪራይ ከፍሎ በፍርሃት መንካት አይገባም። ቫልኪሪን ግን ግዙ። ከአንድ በላይ አምራች ይሠራዋል፣ መጠኑም ብዙ ዓይነት ነው። ትንሽ ወፈር ያለ ወገብ ያለውን ፈልጉ፣ ተለቅ ያለ መጠን ከሆነም ይሻላል። እኔ የኔን አልሸጠውም። ጓደኛዬ ወገቡን በሙሉ ከአዲስ ነገር እንደገና እንሥራው እያለኝ ነው፤ ልኬቱን ወስዶ በወረቀት ነድፎታል፣ እኔም ተስማምቻለሁ።

ከመክፈላችሁ በፊት ነጋዴውን አንድ ነገር ጠይቁት። የሳጥን ፎቶ አይበቃም። ወገቡን በቅርብ አንስቶ፣ ከአውሮፕላን ወደ ሰው፣ ከሰው ወደ አውሮፕላን ሲለወጥ የሚያሳይ ቪዲዮ ይላክላችሁ። ማጠፊያው ላይ ነጭ መስመር ካለ በቪዲዮው ይታያል። «ለሼልፍ ነው» ብሎ ከመለሰላችሁ ብራችሁን አትላኩ።