ክረምቱን ድሬ ወይስ ሐረር?

ትምህርት ሲዘጋ ሁለት ምርጫ አለን። አንዱ እዚሁ ድሬዳዋ፣ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የሚሰጠው የሳይንስ ስልጠና ነው። ልጄ አምና ሽቦና ባትሪ አገናኝታ አምፖል ያበራች ዕለት ከደስታዋ ብዛት እራት አልበላ አላት። ችግሩ ሙቀቱ ነው። በዚያ ላይ የባጃጅ ወጪ በየቀኑ ደርሶ መልስ።

ሌላው ሐረር፣ አያቷ ቤት። 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ አየሩ ግን ሌላ አገር ነው። በግንብ የታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል። እሷ ግን የምታውቀው በጠባቦቹ መንገዶች መሮጥን ነው። ጎረቤት ያሉት እናት ስፌት ያስይዟታል፤ አለላው ጣቷን ያቀልመዋል። ሐረሪኛም እየለቃቀመች ትመጣለች።

ለትንንሾች ሐረርን እመርጣለሁ። ሰባተኛ ክፍል ለደረሰ ግን ስልጠናው አያምልጠው።