በደሴ የአፈር ምርመራ መረጃ አገልግሎት፦ ሰነዱ አለ፣ ቦታው ግን ተሸፍኗል

ደሴ ውስጥ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሰጠውን የአፈር ምርመራ መረጃ አገልግሎት ተጠቅሜያለሁ፤ ወደዚያ ለሚያመሩ መሐንዲሶችና የሥነ ምድር ባለሙያዎች ይረዳል ብዬ ያየሁትን እጽፋለሁ። መስተንግዶው የሚያስመሰግን ነው፤ መዝገብ ቤቱ ማመልከቻዬን ወዲያውኑ ቁጥር ሰጥቶ ተቀብሎኛል። ቅሬታዬ በተሰጠኝ ሰነድ ላይ ነው።

የጠየቅሁት፣ በጦሳ ተራራ ግርጌ በተዳፋት ላይ ለምንነድፈው የድጋፍ ግንብ፣ በአካባቢው ቀደም ሲል የተቆፈሩ የምርመራ ጉድጓዶችን ውጤት ነበር። ቅጂው የሸክላማውን አፈር ውፍረት፣ ውኃ የተገኘበትን ጥልቀትና ከሥር ያለውን ባዛልት (የእሳተ ገሞራ ዐለት) በየሜትሩ ያሳያል፤ የጉድጓዶቹ ኮኦርዲኔት (ቦታቸውን በካርታ ላይ የሚያመለክተው ቁጥር) ግን በጥቁር ቀለም ተሸፍኖ፣ በገጹ ራስጌ ላይ «ምስጢር» የሚል ማኅተም አርፎበታል። የት እንደተቆፈረ የማይታወቅ ጉድጓድ ለንድፍ አይረባም። ጥናቱን የሠራው ባለሙያ እዚያው ቢሮ ቢኖርም በቃል እንኳ ማብራራት አልተፈቀደለትም፤ የሙያ ባልደረቦች ስለ አንድ ተዳፋት እንዳንነጋገር መደረጉ ከሁሉ በላይ አሳዝኖኛል፣ ምክንያቱም የመሬት መንሸራተት ደሴን ደጋግሞ የጎዳ አደጋ ነው።

የአገር ደኅንነት ምስጢር ሊጠበቅ እንደሚገባ አምናለሁ። ሆኖም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ የአቶሚክ ቦምብ በሚሠራበት ፕሮጀክት ውስጥ እንኳ፣ ምስጢር ያለ ልክ ሲጠበቅ አደጋ ሊያስከትል እንደሚችል ታይቷል። አሜሪካ ውስጥ በኦክ ሪጅ ፋብሪካ ለቦምቡ የሚሆነውን ዩራኒየም የሚያበለጽጉት ሠራተኞች የሚይዙት ነገር ምን እንደሆነ ስላልተነገራቸው፣ በውኃ የተበጠበጠ ዩራኒየም በብዛት በአንድ ቦታ ማከማቸት አደገኛ የኒውክሌር ሰንሰለታዊ ምላሽ ሊያስነሳ እንደሚችል አያውቁም ነበር። የፊዚክስ ሊቁ ኤሚሊዮ ሴግሬ ቦምቡ ከሚነደፍበት ከሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ ሄዶ አደጋውን ካስተዋለ በኋላ፣ ሌላው የፊዚክስ ሊቅ ሪቻርድ ፋይንማን ተልኮ ምላሹን የሚያስነሳውን የኒውትሮን ቅንጣት ጠባይ ለመሐንዲሶቹ አስረዳ፤ እነርሱም ፋብሪካውን በጥንቃቄ ሊነድፉ የቻሉት ይህን ካወቁ በኋላ ነው። ለቦምብ ሥራ የተፈቀደ ማብራሪያ ለድጋፍ ግንብ የሚከለከልበት ምክንያት አይታየኝም።

አገልግሎቱን የምትጠይቁ ሁሉ በማመልከቻችሁ ላይ የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000ን ጥቀሱ። አዋጁ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው በ30 ቀናት ውስጥ መልስ እንዲሰጥ፣ ሲከለክልም ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲገልጽ ያዝዛል፤ ቅር የተሰኘም ለእንባ ጠባቂ ተቋም ማመልከት ይችላል። እኔም ኮኦርዲኔቱ የተሸፈነበት ምክንያት በጽሑፍ እንዲሰጠኝ ጠይቄ መልሱን እየጠበቅሁ ነው። እስከዚያው ድረስ ለአዲስ ቁፋሮ የሚያስፈልገውን ገንዘብና ጊዜ በውላችሁ ውስጥ እንድታስገቡ እመክራለሁ።