"በ2 ሰዓት ውስጥ ኪንትሱጊ" ብሎ ለሚያስከፍላችሁ ሰው አትክፈሉ፣ እኔ 30,000 የን ከፍያለሁ

ሰላም ወገኖች፣ በተለይ ካትሱሺካና አካባቢው ያላችሁ የቶኪዮ ልጆች፣ ደግሞ ከአሜሪካም ከአውሮፓም ጃፓንን ልታዩ የምትመጡ። ኪንትሱጊ ልማር ብላችሁ የትም ከመመዝገባችሁ በፊት ይቺን አንብቡልኝ።

ለማያውቅ፣ ኪንትሱጊ የተሰበረ ሸክላ ወይ ፖርሲሊን ተጣብቆ ስንጥቁ ላይ ወርቅ የሚነሰነስበት የጃፓኖች ሙያ ነው። ስብራቱን አይደብቁትም፣ እንዲታይ ነው የሚያደርጉት። እኔ የገባሁበት ግን ለጌጥ ብዬ አይደለም፣ የድሮ አከራዬ የነበሩት እማማ ቤቱን ስለቅ የሰጡኝ የሻይ ኩባያ ከመደርደሪያ ወድቆ አራት ቦታ ተሰብሮብኝ ነው። እሳቸው ደግሞ አርፈዋል፣ ስለዚህ ልጥለው አልቻልኩም፣ ስባሪውን በጋዜጣ ጠቅልዬ ዓመት ሙሉ አስቀመጥኩት።

ከዛ ኪዮቶ ለሥራ ሄጄ አንድ ማስታወቂያ አየሁ። እውነተኛ ወርቅ፣ 2 ሰዓት ብቻ፣ የራስዎን ዕቃ ጠግነው ዛሬውኑ ይዘው ይሂዱ፣ ሻይም ይጠጡበታል ይላል። 14,000 የን። ከፈልኩ። ሲያልቅ ደግሞ ቤት የሚሠሩበት ሙሉ ዕቃ ብለው አንድ ሳጥን በ16,000 ሸጡልኝ፣ ውስጡ ወርቅ አለ ወይ ስላቸው አዎ ነው ያሉኝ፣ በግልጽ ነው የጠየቅኩት።

ትምህርቱ ግማሹ ታሪክ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሾጉኑ (የጃፓን የጦር ገዢ) አሺካጋ ዮሺማሳ የተሰነጠቀ የሻይ ሳህኑን ቻይና ልኮ በብረት ካስማ ተሰፍቶ መጣለት፣ አስቀያሚ ስለሆነበት ኪንትሱጊ ተጀመረ ምናምን። በኋላ እንደተረዳሁት በዚህ ታሪክ የሚነሳው ሳህን ባኮሃን ይባላል፣ ኡኤኖ ያለው የቶኪዮ ብሔራዊ ሙዚየም ነው የያዘው፣ እስካሁንም ላዩ ላይ ያለው የብረት ካስማ ነው፣ ወርቅ የለውም። ታሪኩ ደስ ይላል ግን እሱን ስንሰማ እጃችን ላይ ያለውን ነገር አላየንም። እጃችን ላይ የነበረው ከሁለት ትዩብ ተጨምቆ የሚቀላቀል ሙጫ ነው፣ ኢፖክሲ፣ ደቂቃዎች ውስጥ ድርቅ የሚል፣ ከላይ ቢጫ ዱቄት በተንከው በቃ አለቀ።

እንዲህ በጠገንኩት ኩባያ ሦስት ሳምንት ሻይ ጠጣሁ። መጀመሪያ መስመሩ ደበዘዘ፣ ቀጥሎ ጠርዙ ላይ አረንጓዴ ነገር ወጣበት፣ የሞቀ ነገር ሲገባበት ደግሞ የፕላስቲክ ሽታ አለው። አንድ ቀን ጠዋት ትኩስ ሻይ ሞልቼ ሳነሳው እጄ ላይ ተፈታ፣ ሻዩ ጭኔ ላይ ፈሰሰ። ልጅ ይዞት ቢሆንስ እያልኩ ነው እስካሁን የማስበው።

ሰፈሬ ኪንትሱጊ የሚያስተምሩ ሴትዮ ጋ ይዤው ሄድኩ። አንድ ጊዜ አዩትና "ሺንቹ" አሉኝ። ናስ ማለት ነው። ወርቅ አረንጓዴ አያወጣም፣ ናስ ነው የሚያወጣው። ኢፖክሲው ደግሞ ሙቀት ሲያገኝ ይለሰልሳል፣ ለምግብ ዕቃ ተብሎ ያልተሠራም ብዙ ነው።

እውነተኛው እንዴት እንደሚሠራ ከሳቸው ነው የተማርኩት፣ እሱን ካወቃችሁ ማንም አያታልላችሁም። ማጣበቂያው ኡሩሺ ነው፣ ኡሩሺ ከሚባለው ዛፍ ግንዱ ተጭሮ የሚወጣ ፈሳሽ። አንድ ዛፍ 10፣ 15 ዓመት አድጎ የሚሰጠው 200 ግራም ገደማ ነው፣ ለዛ ነው ውድ የሆነው። ከስንዴ ዱቄት ጋ ተለውሶ ስባሪው ይጣበቃል፣ ከዛ እርጥበት ያለው ሳጥን ውስጥ ይገባል፣ ካርቶንና እርጥብ ጨርቅም ይበቃል፣ ሙቀቱ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ፣ እርጥበቱ ከ70 እስከ 85 ፐርሰንት። ኡሩሺ እንደ ቀለም አየር ስለመታው አይደርቅም፣ ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ነው የሚጠነክረው፣ ይሄ በጣም ነው የገረመኝ። ማጣበቁ ብቻ ሳምንትና ከዛ በላይ ይፈጃል። ቀጥሎ የጎደለው በሸክላ ዱቄትና በኡሩሺ ይሞላል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል፣ ጥቁር ይቀባል፣ መጨረሻ ላይ ቀጭን ቀይ ኡሩሺ ተቀብቶ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ወርቁ ይነሰነሳል። አንዳንዶቹ ወርቁን የሚያለሰልሱት ታይ በሚባል ዓሣ ጥርስ ነው። በየመሃሉ መጠበቅ አለ፣ ስለዚህ ወራት ነው የሚፈጀው። በ2 ሰዓት አይሆንም፣ በቃ አይሆንም።

አንድ ነገር ግን፣ በኢፖክሲ የሚሠሩ ሁሉ አጭበርባሪ ናቸው እያልኩ አይደለም። "ካንኢ ኪንትሱጊ" ብለው፣ ቀላሉ ዓይነት ነው፣ ለጌጥ ብቻ ነው ብለው በግልጽ የሚያስተምሩ አሉ፣ እነሱ ጋ ምንም ጠብ የለኝም። ያናደደኝ ወርቅ ነው፣ ሻይ ይጠጣበታል ተብሎ ናስ መሸጡ ነው። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ማጣበቂያው ሆን-ኡሩሺ (እውነተኛ ኡሩሺ) ነው ወይ በሏቸው፣ ዱቄቱ ሆን-ኪን ነው ወይስ ኪን-ኢሮ ብላችሁም ጠይቁ፣ ሆን-ኪን እውነተኛ ወርቅ ነው፣ ኪን-ኢሮ ግን የወርቅ ቀለም ማለት ብቻ ነው። የወርቅ ዱቄት እስከ 0.1 ግራም ድረስ ተመዝኖ ነው የሚሸጠው፣ ስለዚህ ስንት ግራም እንደሆነ ያልተጻፈበት ሙሉ ማሰሮ ቢጫ ዱቄት ካያችሁ ተዉት። ጓንት ልበሱ ካላሏችሁም ጠርጥሩ፣ ያልደረቀ ኡሩሺ ቆዳ ሲነካ ለብዙ ሰው ክፉ ሽፍታ ያወጣል፣ ከነካችሁ መጀመሪያ በምግብ ዘይት ጥረጉት ከዛ በሳሙና ታጠቡ። በደንብ የተሠራውም ቢሆን ማይክሮዌቭ ውስጥ አይገባም።

ገንዘቤን ላስመልስ ብዬ 188 ደወልኩ፣ የሸማቾች መስመር ነው። ኩሊንግ ኦፍ የሚሉት ውል የማፍረስ መብት በራሴ እግር ሄጄ ለገዛሁት አይሠራም ተባልኩ፣ ኦንላይን ለሚገዛም እንደዛው ነው። ግን የሌለ ወርቅ አለ ብሎ መሸጥ ሌላ ጉዳይ ስለሆነ ማስታወቂያውንና ደረሰኙን ይዤ ወደ ሰፈሬ የሸማቾች ማዕከል መሩኝ። ማስታወቂያውን ስክሪንሾት አድርጌ ስለነበር የሳጥኑን 16,000 መለሱልኝ፣ የትምህርቱን አልመለሱም። እናንተም ከመክፈላችሁ በፊት ስክሪንሾት አንሱ።

ኩባያው አሁን ሴትዮዋ ጋ ነው። የድሮውን ሙጫ አፍልተን ፍቀን ለማስለቀቅ ሁለት ቅዳሜ ፈጀብን፣ አንዱ ጠርዝም ትንሽ ጎደለ። ማጣበቁን ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲገባ እንጀምራለን ብለውኛል፣ ያን ጊዜ አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ለኡሩሺ ይመቸዋል።